ለፕሮጀክት አመራር የሙያ ፈተና እንዴት እንዘጋጅ?



የሥራ ማስታወቂያ የሚከታተል ሰው፣ በተለይም በግንባታ፣ በጤና፣ በኮምፒዩተርና በእርዳታ ድርጅቶች ዘንድ ሥራ የሚፈልግ፣ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ደጋግማ ሳታጋጥመው አትቀርም። ይህችውም «የፒ.ኤም.ፒ ምስክር ወረቀት ያለው ይመረጣል» የምትለዋ ናት። ብዙ ወጣቶች አንብበው ያልፏታል። አንዳንዶች ደግሞ ነገሩን ሳያጣሩ ገንዘብ ከፍለው ይሮጣሉ። እኛም በማስተማር ሥራ ላይ ያለን እንደመሆናችን፣ ለዚህ ፈተና የሚዘጋጁ ሦስት ወገኖች «እንግሊዝኛውንና ስሌቱን ያግዙን» ብለው ጠይቀውን ከመግሪብ ሶላት በኋላ በአንድ የመማሪያ ክፍል ስንሰበሰብ ቆይተናል። አንደኛው የግንባታ መሐንዲስ፣ ሁለተኛዋ በጤና ፕሮጀክት የምትሠራ የሁለት ልጆች እናት፣ ሦስተኛው የኮምፒዩተር ባለሙያ ናቸው። ከእነርሱ ጋር ሆነን የተማርነውን፣ የተሳሳትነውንም ጭምር፣ እነሆ ለአንባቢያን እናካፍላለን።

ፈተናው ምንድን ነው?

ፒ.ኤም.ፒ «ፕሮጀክት ማኔጅመንት ፕሮፌሽናል» የሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ አጠራር ነው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ፒ.ኤም.አይ የተባለው የሙያ ማኅበር ሲሆን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ነው። ይህን ምስክር ወረቀት መስጠት የጀመረው በ1984 ሲሆን፣ «ፒምቦክ» እየተባለ የሚጠራውን መመሪያ መጽሐፍ የመጀመሪያ ዕትም ያወጣው በ1996 ነው። ስድስተኛው ዕትም በ2017፣ ሰባተኛው በ2021 ወጥተዋል።

ፕሮጀክት ማለት መነሻና መድረሻ ያለው፣ ከዚህ በፊት ያልነበረን አንድ የተለየ ውጤት ለማስገኘት የሚከናወን ሥራ ነው። በየቀኑ ገብቶ ማስተማር ፕሮጀክት አይደለም፤ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አራት አዳዲስ ክፍሎችን ሠርቶ ማስረከብ ግን ፕሮጀክት ነው። ፈተናው የሚጠይቀው እንዲህ ያለውን ሥራ መምራት መቻልን ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2021 በወጣው ሥርዓት መሠረት ፈተናው 180 ጥያቄዎችና 230 ደቂቃዎች ነበሩት። ከጥያቄዎቹ 42 በመቶ ስለ ሰዎች አመራር፣ 50 በመቶ ስለ ሥራው ሂደት፣ 8 በመቶ ደግሞ ፕሮጀክቱ ስለሚገኝበት የሥራ አካባቢ የሚጠይቁ ነበሩ። ግማሽ ያህሉ አስቀድሞ በታቀደ መንገድ ስለሚመራ ፕሮጀክት፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ «አጃይል» ስለሚባለው ወይም ሁለቱን ስላቀላቀለ አሠራር ነበር። ይህ የይዘት ዝርዝር በየጊዜው ይሻሻላል። ስለዚህ የተፈታኙ የመጀመሪያ ሥራ እርሱ በሚቀመጥበት ቀን የሚሠራበትን ዝርዝር ከማኅበሩ ማግኘትና ማንበብ ነው። የጓደኛን አሮጌ ደብተር ይዞ የሚነሳ ሰው ላልተዘጋጀለት ፈተና ሊቀመጥ ይችላል።

ፈተናው በአማርኛ አይሰጥም። ከእንግሊዝኛ ሌላ ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ግን ዐረብኛ ነው። ዐረብኛን በሚገባ የተማሩ ወገኖች ይህንን ቢያስቡበት መልካም ነው። ሆኖም የመድረሳ ዐረብኛና የመሥሪያ ቤት ዐረብኛ የተለያዩ በመሆናቸው አስቀድሞ የሙያውን ቃላት መልመድ ያስፈልጋል።

ቅጹን ከመሙላት በፊት

ለዚህ ፈተና ማንም ተነስቶ አይቀመጥም። በ2021 ሥርዓት የአራት ዓመት ዲግሪ ያለው ሰው ባለፉት 8 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 36 ወር ፕሮጀክት የመራበት ልምድ፣ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀ ደግሞ 60 ወር ይጠየቅ ነበር። ሁለቱም የ35 ሰዓት የፕሮጀክት አመራር ትምህርት መውሰድ ነበረባቸው። ከአመልካቾች መካከል በዕጣ እየተመረጡ ኦዲት የሚደረጉ አሉ። ዕጣው የደረሰው ሰው የትምህርት ማስረጃውን ያቀርባል፤ የጻፈውንም ልምድ የቀድሞ አለቃው ወይም ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዲያረጋግጥለት ያደርጋል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ሳንናገር ብናልፍ ደግ አይሆንም።

መሐንዲሱ ወንድማችን ልምዱን ሲቆጥር በእርግጥ ሥራ የመራባቸው ወሮች 22 ብቻ ሆኑ። ከዚያ በፊት የነበሩትን 14 ወሮች ያሳለፈው በግንባታ ቦታ ዕቃ በመቆጣጠር ነው። አንድ ደላላ «ቅጹን እኔ እሞላልሃለሁ፤ 36 አደርግልሃለሁ» ብሎት ኖሮ፣ አንድ ምሽት ወደ እኛ መጥቶ «ኡስታዝ፣ ምን ይሉኛል?» አለን። እኛም ድካሙን እናውቅ ነበርና፣ አባቱ ከሞቱ በኋላ ታናናሾቹን የሚያስተምረው እርሱ ነበርና፣ «ዕቃ መቆጣጠርም እኮ ሥራ መምራት ነው፤ ሌላውም እንዲሁ ያደርጋል፤ ሙላው» አልነው።

እኅታችን ይህንን ሰምታ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም «ኡስታዝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ትናንት ተማሪ ሲኮርጅ አግኝተው ወረቀቱን ነጥቀውታል ሲባል ሰምቻለሁ። ይኸ ከዚያ በምን ይለያል? ኦዲት ቢደርሰውስ ማን ነው የሚፈርምለት?» አለችን።

መልስ አልነበረንም። በእርግጥም ያንን ተማሪ ከክፍል አስወጥተነዋል። በማግስቱ ምሽት በሦስቱም ፊት «የሰጠነው ምክር ስሕተት ነው፤ አትሙላ» ብለን ተናገርን። ወንድማችንም አልሞላም። የእጁን ያህል ቆጥሮ መናገር አማና መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው ነገር ነው፤ ሆኖም ለሰው ስናዝን እንረሳዋለን። ማኅበሩ ራሱ አባላቱን የሚያስገድድበት የሥነ ምግባር ደንብ አራት መሠረቶች አሉት፤ እነርሱም ኃላፊነት፣ አክብሮት፣ ፍትሐዊነትና ሐቀኝነት ናቸው። ወደ ሙያው በሐሰት የገባ ሰው ገና በሩ ላይ ደንቡን አፍርሷል ማለት ነው።

ልምድ ለጎደላቸው ወጣቶች ሌላ በር አለ። ያው ማኅበር ለጀማሪዎች የሚሰጠው ሲ.ኤ.ፒ.ኤም የተባለ ምስክር ወረቀት የሥራ ልምድ አይጠይቅም፤ ሁለተኛ ደረጃ ላጠናቀቀና 23 ሰዓት ለተማረ ሰው ክፍት ነው። በ2021ዱ ሥርዓት ይህንን የያዘ ሰው ለፒ.ኤም.ፒ ሲያመለክት የ35 ሰዓቱን ትምህርት እንዳሟላ ይቆጠርለት ነበር። ወንድማችንም ይህንኑ ፈተና ወሰደና የቀሩትን 14 ወሮች በሥራ ላይ ቆየ።

መሸምደድና መረዳት

እኛ በመድረሳ ያደግን ሰዎች ለሒፍዝ ያለን ፍቅር የታወቀ ነው። እኅታችንም ስትጀምር በ2017ቱ ዕትም የተዘረዘሩትን 49 ሂደቶች ከነመነሻቸውና ከነውጤታቸው ቃል በቃል ሸመደደች። ልጆቿን አስተኝታ እስከ እኩለ ሌሊት ትደግማቸዋለች። እኛም አመሰገንናት። ለፈተና ተቀመጠች፤ አላለፈችም።

ውጤቱ በቁጥር አይነገርም፤ ማለፊያ ነጥቡንም ማኅበሩ አያሳውቅም። በእያንዳንዱ ክፍል ከሚፈለገው በላይ፣ በሚፈለገው ልክ፣ ከሚፈለገው በታች፣ ወይም ማሻሻል ያስፈልጋል የሚል ደረጃ ብቻ ይሰጣል። የእርሷ ድካም ስለ ሰዎች አመራር በሚጠይቀው ክፍል ላይ ነበር። ያን ጊዜ ነበር ስሕተቱ የገባን። በመድረሳም ቢሆን መትኑን በቃሉ የያዘ ደረሳ ሸይኹ «አንድ ሰው እንዲህ ቢያጋጥመው ምን ያድርግ?» ብለው መስአላ ሲያቀርቡለት ካልመለሰ ገና ነው ይባላል። ይህ ፈተናም አብዛኛው ጥያቄው መስአላ ነው። «ሂደቱ ስንተኛ ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ሥራ አስኪያጁ በመጀመሪያ ምን ማድረግ አለበት?» ይላል።

ለምሳሌ ያህል ራሳችን ያዘጋጀነውን ጥያቄ እንመልከት። የክፍሎች ግንባታ ተጋምሷል። የሠሪው ኮሚቴ ሰብሳቢ በቦታው ተገኝተው «በየክፍሉ አንድ መስኮት ይጨመር» ብለው በቃል ያዛሉ። ሥራ አስኪያጁ በመጀመሪያ ምን ያድርግ? ሀ) ትልቅ ሰው ናቸውና ይጨምር፤ ለ) በውሉ የለም ብሎ እምቢ ይበል፤ ሐ) ጭማሪው በጊዜ፣ በገንዘብና በጥራት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ አጥንቶ በተስማሙበት የለውጥ ሥርዓት ያቅርብ፤ መ) ለበላይ ኃላፊ ደብዳቤ ይጻፍ። ትክክለኛው መልስ ሐ ነው። በሀገራችን ልማድ ብዙዎቻችን ሀን እንመርጣለን፤ ከዚያም ገንዘቡ ሲያልቅ እንጣላለን።

ያው ጥያቄ አጃይል በሆነ ፕሮጀክት ውስጥ ቢነሳ መልሱ ይለያል። አጃይል እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 በአሜሪካ ዩታ ግዛት 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች ተሰብስበው ባወጡት መግለጫ ስሙን ያገኘ አሠራር ነው። ሥራውን በአጫጭር ዙሮች ከፍሎ በየዙሩ ለተጠቃሚው እያሳዩ ማሻሻል ማለት ነው። በዚያ አዲሱ ፍላጎት ገና ባልተሠሩት ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ ይገባና ቅደም ተከተሉን የምርቱ ባለቤት ይወስናል። እንግዲህ ተፈታኝ ጥያቄውን ሲያነብ መጀመሪያ «ይህ ፕሮጀክት የሚመራው በየትኛው መንገድ ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

ስሌቱን አትፍሩ

ብዙ ሰው ስሌቱን ይፈራል። ነገር ግን የሚያስፈልገው የሂሳብ ዕውቀት ከአራቱ መደቦች አያልፍም። ሦስት ምሳሌዎች እናቅርብ።

አንደኛው «ክሪቲካል ፓዝ» የሚባለው፣ ማለትም እጅግ ረጅሙ የሥራ መስመር ነው። ይህ ዘዴ በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ በአሜሪካ የተገኘ ነው። ሠርግ እናዘጋጅ እንበል። አዳራሽ መፈለግ 5 ቀን ይወስዳል። አድራሻው በካርዱ ላይ ስለሚጻፍ ካርድ ማሳተሙ ከዚያ በኋላ 7 ቀን፣ ካርዱን ማደሉ 10 ቀን ይወስዳል፤ ድምሩ 22 ቀን ነው። በሌላ በኩል ሰንጋ መግዛት 3 ቀን፣ ቅመሙን ማሰናዳት 6 ቀን፣ ድምሩ 9 ቀን ይሆናል። ረጅሙ መስመር የካርዱ ነው። ማተሚያ ቤቱ አንድ ቀን ቢያዘገይ ዝግጅቱ ሁሉ አንድ ቀን ይዘገያል። የሰንጋው መስመር ግን የ13 ቀን ፋታ አለው። እናቶች ስለ ሰንጋው ሲጨነቁ አባቶች ካርዱን ቢረሱ ምን እንደሚከተል ከዚህ ይታያል።

ሁለተኛው ጊዜን መገመት ነው። አንድ ሥራ ሁሉ ከተሳካ በ6 ቀን፣ እንደ ወትሮው ከሆነ በ9 ቀን፣ ከከፋ በ18 ቀን ያልቃል እንበል። የመካከለኛውን 9 በ4 አባዝተን፣ ሁለቱን ጫፎች ደምረን፣ ለ6 ስናካፍል 6 + 36 + 18 = 60፣ 60 ÷ 6 = 10 ቀን እናገኛለን።

ሦስተኛው ሥራውና ገንዘቡ እኩል መራመዳቸውን ማወቂያ ነው። አራት ክፍሎችን፣ እያንዳንዱን በ500,000 ብር፣ በየወሩ አንድ እየሠራን በጠቅላላው በ2,000,000 ብር ልንጨርስ አቅደናል። በሁለተኛው ወር መጨረሻ የ1,000,000 ብር ሥራ ማለቅ ነበረበት። ያለቀው ግን አንድ ክፍል ተኩል፣ ማለትም የ750,000 ብር ሥራ ነው። የወጣው ገንዘብ 900,000 ብር ነው። 750,000ን ለ900,000 ስናካፍል 0.83 ይመጣል፤ ከ1 በታች ስለሆነ ለእያንዳንዱ ብር ያገኘነው የ83 ሳንቲም ሥራ ነው። 750,000ን ለ1,000,000 ስናካፍል 0.75 ነው፤ ከጊዜውም ወደ ኋላ ቀርተናል። በዚሁ ከቀጠልን ጠቅላላ ወጪው 2,400,000 ብር ይደርሳል። ኮሚቴው ይህንን በሁለተኛው ወር ካወቀ መላ ይፈልጋል። በአራተኛው ወር ካወቀ ግን የሚቀረው ጸጸት ነው።

የ12 ሳምንት ዕቅድ

ሥራ ለሚሠራና ቤተሰብ ላለው ሰው በሳምንት 10 ሰዓት ያህል ማንበብ የሚቻል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የይዘቱን ዝርዝርና የሙያውን ቃላት ይያዝ። ከ3ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት የታቀደውን አሠራር፣ በ7ኛውና በ8ኛው አጃይልን፣ በ9ኛው ስሌቱን ያጥና። የቀሩት ሦስት ሳምንታት ለሙከራ ፈተና ናቸው። እያንዳንዱ ሙከራ ሰዓት ተይዞለት በአንድ ተቀማጭ ይሠራ። 230 ደቂቃ ለ180 ሲካፈል ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ከ1 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። በዚያ ሥርዓት ከ60ኛውና ከ120ኛው ጥያቄ በኋላ የ10 ደቂቃ ዕረፍት ነበረ፤ ከዕረፍት በኋላ ግን ወደ ቀደሙት ጥያቄዎች መመለስ አይቻልም ነበር።

እጅግ የጠቀመን ነገር ቢኖር የስሕተት ደብተር ነው። የተሳሳትነውን ጥያቄ፣ የመረጥነውንና ትክክለኛውን መልስ፣ ከሁሉ በላይ «ለምን ተሳሳትኩ?» የሚለውን እንጽፋለን። እኅታችን ደብተሯን ስታገላብጥ ብዙው ስሕተቷ ባለማወቅ የመጣ ሳይሆን «በመጀመሪያ» የምትለዋን ቃል ሳታስተውል በማለፏ መሆኑን ደረሰችበት።

የኮምፒዩተር ባለሙያው ወንድማችን አንድ ቀን «የፈተናው እውነተኛ ጥያቄዎች» ተብሎ የተሸጠለትን ፋይል ይዞ መጣ። ከመልሶቹ ብዙዎቹ የተሳሳቱ ነበሩ። ትክክል ቢሆኑም ኖሮ ተፈታኝ ሁሉ ጥያቄ ላለማውጣት ቃል ይገባልና የተሰረቀ ዕቃ መግዛት ነው። እዚያው ተወው።

ከጥቃቅኑ ተጠንቀቁ

ሰው የሚወድቀው በትልቁ ብቻ አይደለም። በማመልከቻው ላይ ያለው ስም በፈተናው ቀን ከሚቀርበው መታወቂያ ጋር አንድ መሆን አለበት። «ሙሐመድ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል በዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት ተጽፎ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። አስቀድሞ ይመርመር። የአያት ስም የት እንደሚገባም ይታይ።

ሰዓቱንም ልብ በሉ! በቀጠሮው ላይ 8:30 ተብሎ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን በእኛ ከጠዋቱ 2:30 ነው። ወንድማችን ከቀትር በኋላ መስሎት ለጥቂት አምልጦታል፤ ያዳነው ባለቤቱ ደግማ ማንበቧ ነው። በዚህ ሰዓት የጀመረ ሰው ከነዕረፍቱ 6:40 ገደማ ስለሚጨርስ የዙህር ሶላት አያልፈውም። ዓርብን ግን ለጁሙዓ ሲባል አለመምረጡ ይሻላል። ፈተናውን በቤት ሆኖ በኮምፒዩተር መውሰድም ይቻላል። ይሁን እንጂ በዚያ ጊዜ ማንም ወደ ክፍሉ መግባት አይፈቀድለትም። መብራት ለሚጠፋበትና ሕፃናት ላሉበት ቤት ከፈተና ጣቢያ መሄዱ ይመረጣል።

የቤተሰብ ድርሻ

እኅታችን ከወደቀች በኋላ ለአንድ ሳምንት አልመጣችም። ማመልከቻው በጸደቀ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ ሦስት ጊዜ መቀመጥ ይፈቀድ ነበር፤ ሆኖም በየጊዜው ይከፈላል፤ ክፍያውም በዶላር ነው። የሥራ ውሏ ሊያልቅ አራት ወር ቀርቶት ነበር። በስምንተኛው ቀን ባለቤቷ ይዟት መጣና «ከዛሬ ጀምሮ ልጆቹን የማስተኛው እኔ ነኝ፤ እርሷ ታንብብ» አለን። ንግግሩ ይኸው ብቻ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ደግማ ተቀመጠችና አለፈች።

መሐንዲሱ ደግሞ 14 ወሩን ጨርሶ አመለከተ። ኦዲቱ ሳይደርሰው አለፈ። ይህም ማለት ያን ጊዜ ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ማንም አያውቅበትም ነበር። ነገር ግን በእነዚያ ወሮች አንድ ትንሽ ሕንፃ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ራሱ መርቶ አስረክቧል። ከፈተናው ሲወጣ «ኡስታዝ፣ የተጠየቅሁትን ግማሹን ያነበብኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ እዚያ ሕንፃ ላይ ነው ያየሁት» አለን። ሦስተኛው ወንድማችን አባቱ ስለታመሙበት እስካሁን አልተቀመጠም። የስሕተት ደብተሩ ግን በእጁ ነው፤ እኛም ወንበሩን አላነሳነውም።

ምስክር ወረቀቱ ለሦስት ዓመት የሚቆይ ሲሆን ለማደስ በዚያ ጊዜ ውስጥ 60 የትምህርት ነጥብ ማሟላት ያስፈልጋል። ይህም ያለፈ ሰው ማንበቡን እንዳያቆም ነው።

ውድ ወጣቶች! ያላችሁን ልምድ በትክክል ቁጠሩ፤ የጎደለውን በሥራ ሙሉ፤ ከዚያ ተቀመጡ። ውድ ወላጆችና የትዳር ጓደኞች! በቤታችሁ ለፈተና የሚዘጋጅ ሰው ካለ በቀን ሁለት ጸጥ ያሉ ሰዓታት ስጡት፤ ይህ ከገንዘብ የበለጠ እርዳታ ነው። እኛም ያን ተማሪያችንን ጠርተን አነጋግረነዋል። ጥፋቱን አልሰረዝንለትም፤ ነገር ግን እኛም ተመሳሳይ ምክር ሰጥተን እንደነበርና እንደተመለስን ነግረነዋል። በሚቀጥለው ፈተና ወረቀቱን በራሱ ሠርቶ አስረክቦናል። አላህ ሥራችንን ያሳምርልን።